ማሽኑ ይተካል፤ ዲስኩስ?

“ሲስተም የለም።” ይህችን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ሰልፉን ጠብቀን፣ ተራችን ደርሶ፣ መታወቂያችንን አውጥተን መስኮቱን ስንጠጋ ነው የምትነገረን። “ሲስተም” የሚባለው ነገር ሰው ይመስል አንዳንዴ “ወጥቷል”፣ አንዳንዴ “እያስቸገረ ነው”፣ አንዳንዴ ደግሞ “ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ” ይባልለታል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ሁሉም ይመለሳል። ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ግን ሻይ ጠጥተን ብንመለስም ስለማናገኘው ነገር ነው። ስለ ዲስክ።

ገባን፤ “ይሄማ የአይቲ ልጆች ወሬ ነው” ብላችሁ ገጹን ልትዘጉ ነው። አንዴ ታገሡን። እኛም የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው፤ ሰርቨር ፈተን አንገጥምም። ግን የባንክ ሂሳባችን፣ የትምህርት ማስረጃችን፣ የሆስፒታል ካርዳችን፣ ለጓደኛ የላክነው ፎቶ ሳይቀር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አንድ ዲስክ ላይ ነው። ያን ዲስክ የሚያሰፋው፣ ፎርማት የሚያደርገውና የሚሰርዘው ደግሞ ድሮ የሰው እጅ ነበር፤ ዛሬ ዛሬ በየዳታ ሴንተሩ አንድ የጽሑፍ ፋይልና ፋይሉን አንብቦ የሚፈጽም ሶፍትዌር ሆኗል። ይህ ለውጥ ለእኛም ለእናንተም ጉዳያችን ነው ብለን እናምናለን። አቋማችንንም ከወዲሁ እንናገር፤ መፍጠሩንና ማስፋቱን ለማሽን መስጠት ጥሩ ነው፣ ያልሰጠ መሥሪያ ቤት ካለም ዘግይቷል። መሰረዙን ግን ለማሽን ብቻ መተው አያስኬድም።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለ እንበል። በላዩ የሚጫን ሶፍትዌር ይህን አንድ ማሽን ሃያ ሠላሳ ቦታ ይከፋፍለውና ሃያ ሠላሳ ኮምፒውተር ያስመስለዋል። እነዚህ የማይጨበጡ ኮምፒውተሮች ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሜሞሪና የራሳቸው ዲስክ ያላቸው ይመስላቸዋል። (ይመስላቸዋል ነው ያልነው።) ያ “ዲስክ” ብዙ ጊዜ ትልቁ ማሽን ላይ የተቀመጠ አንድ ግዙፍ ፋይል ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት የአሥር ዓመት መዝገብ የያዘ ዲስክ፣ እኛ ላፕቶፓችን ላይ አይተን የጨረስነውን ፊልም በምንሰርዝበት አኳኋን ሊሰረዝ ይችላል ማለት ነው።

ዲስክ ይሞላል። ሲሞላ ዳታቤዙ አንድ መስመር የሚጽፍበት ቦታ ያጣና ቀጥ ይላል። ያኔ ዲስኩ መስፋት አለበት። ማስፋቱ ደግሞ እንደሚወራው አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። መጀመሪያ ትልቁ ማሽን ላይ ያለው የዲስክ ፋይል ያድጋል። ከዚያ በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለው ፓርቲሽን ይገፋል። ማሽኑ ሊኑክስ ሆኖ ኤልቪኤም የሚባለውን የዲስክ አስተዳዳሪ የሚጠቀም ከሆነ ለእሱም ይነገረዋል፣ ቮልዩሙም ይለጠጣል። በመጨረሻ ፋይል ሲስተሙ ራሱ “እደግ” ይባላል። የቀበሌ ሰው መጥቶ ግቢያችሁን ቢያሰፋላችሁ እንደማለት ነው። አጥሩ ስለሰፋ ሳሎኑ አልሰፋም። መሠረት ይወጣል፣ ግድግዳ ይገፋል፣ ጣሪያ ይለበሳል። አጥሩን ብቻ አስፍቶ የተኛ ሰው ነገም እንግዳውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። የአይቲ ልጆች “ዲስክ ጨምሬ አሁንም ሞልቷል ይለኛል” ብለው ሲነጫነጩ ከሰማችሁ፣ ከአራቱ እርከኖች አንዱ ተረስቷል።

ይህንን ሥራ በሁለት መቶ ማሽን ላይ፣ በእጅ፣ ያውም ሌሊት አስቡት።

ሥራውን ለሶፍትዌር የመስጠት ሐሳብ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በ1993 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) ማርክ በርጀስ የተባለ የፊዚክስ ሰው ኦስሎ ውስጥ ሆኖ ሲኤፍኢንጂን የሚባል ሶፍትዌር ጻፈ። በ2005 ፐፔት፣ በ2009 ሼፍ፣ በ2012 አንሲብል፣ በ2014 ቴራፎርም ተከተሉ። አንሲብል የሚለው ስም ከልብ ወለድ የተወሰደ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ግዊን በ1966 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ በከዋክብት መካከል መልእክት በቅጽበት ለሚያደርስ መሣሪያ ያወጣችለት ስም ነው። (የኮምፒውተር ሰዎች ልብ ወለድ አያነቡም ያላችሁ እናንተ ናችሁ።)

የእነዚህ መሣሪያዎች ብልሃት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ቁም ነገራችንም ያለው እዚያው ስለሆነ እናስረዳው። የድሮው መንገድ ለማሽኑ የሚሠራውን መንገር ነበር፤ “20 ጊጋባይት ጨምር” ማለት። ትእዛዙ በስህተት ሁለቴ ከተላለፈ 40 ይጨምራል። አዲሱ መንገድ መድረሻውን መንገር ነው፤ “ይህ ዲስክ 100 ጊጋባይት ይሁን” ይባላል። መሣሪያው ሄዶ ያያል። 80 ከሆነ 20 ይጨምራል። 100 ከሆነ እጁን አጣጥፎ ይመለሳል። አሥር ጊዜ ቢታዘዝ ዘጠኙን ጊዜ ምንም ሳያደርግ “ሁሉ ሰላም” ይላል። ከዚህ በላይ የሚያስተኛ ነገር የለም፤ ለዚህም ነው የአይቲ ልጆች ስለ አንሲብል ሲያወሩ የተፋቀሩ የሚመስሉት።

ግን ዲስኩ 120 ሆኖ ቢገኝስ? ይህን ጥያቄ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ጥሩውን ጎን እንጨርስ፤ ጥሩው ጎን ትልቅ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ “የአይቲው ልጅ” አለ። የትኛው ዲስክ የማን እንደሆነ፣ የትኛው መቼ እንደተጨመረ፣ የትኛውን መንካት ክልክል እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። መዝገቡ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ልጁ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ወይም ዲቪ ደርሶት የሄደ ቀን መዝገቡም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በስልክ ሲፈለግ መኖር ነው፤ “ይቅርታ ወንድሜ፣ ያቺ ሁለተኛዋ ዲስክ ላይ ምን ነበር ያስቀመጥከው?” አሁን ግን ዲስኮቹ በጽሑፍ ፋይል ሲሰፍሩ፣ ፋይሉም ጊት በሚባለው መዝገብ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ማን ምን ለወጠ፣ መቼ ለወጠ የሚለው ሁሉ ተጽፎ ይቀራል። ለጋዜጠኛ ይህ የሚያስቀና ነገር ነው። ማን፣ ምን፣ መቼ፤ አንደኛ ዓመት የሸመደድናቸው ጥያቄዎች መሆናቸው አይደል? ለውጡ ከመፈጸሙ በፊትም ሌላ ሰው አንብቦ “እሺ” ይለዋል። አርታኢ አለው ማለት ነው። በእጅ የሚተየብ ትእዛዝ አርታኢ የለውም።

አርታኢ የሌለው እጅ ምን እንደሚሠራ ለማየት ጃንዋሪ 31 ቀን 2017ን ማስታወስ ይበቃል። ጊትላብ የሚባለው ድርጅት፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት፣ ያን ቀን ምሽት የዳታቤዝ ችግር ገጥሞታል። ሁለት የዳታቤዝ ሰርቨሮች አሉ፤ አንዱ ዋናው፣ ሌላው ተከታዩ። ተከታዩ ከዋናው ኋላ ቀርቷል። አንድ ኢንጂነር፣ መሽቶበት፣ ደክሞት፣ የተከታዩን የዳታ ፎልደር ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ ለመጀመር ወሰነና ትእዛዙን ተየበ። ከአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ በኋላ የተየበው ዋናው ላይ መሆኑን አየ። ቶሎ አቆመው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ 4.5 ጊጋባይት ተርፋ ነበር።

“ባክአፕ ይኖራቸዋላ” ትላላችሁ። ነበራቸው፤ ያውም አምስት ዓይነት። በየቀኑ የሚወሰደው የዳታቤዝ ኮፒ ሶፍትዌሩ ከዳታቤዙ ቨርዥን ጋር ስላልገጠመ ሲከሽፍ ከርሟል፤ ስህተቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም በኢሜይል ደህንነት ማጣሪያ ታግዶ ማንም ጋ አልደረሰም። ክላውድ ላይ የሚቀመጠው ቦታ ሲከፈት ባዶ ሆነ። የአዙር የዲስክ ስናፕሾት ለፋይል ሰርቨሩ በርቷል፤ ለዳታቤዝ ሰርቨሮቹ ግን አልበራም። ድርጅቱን ያተረፈው ያው ኢንጂነር ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት በእጁ ያነሳው አንድ የኤልቪኤም ስናፕሾት ነው። ዕድል ነው። እንደ ወትሮው በቀን አንዴ የሚወሰደውን ቢጠብቁ ኖሮ ኪሳራው ከዚያም ይብስ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ፕሮጀክቶችና 700 ገደማ አዲስ አካውንቶች የተመዘገቡበት የስድስት ሰዓት ዳታ ጠፋ። ጊትላቦችን የምናደንቅበት ነገር ግን አለ፤ ጥገናውን በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላልፈው፣ የከሸፈውን ሁሉ አንድ በአንድ ጽፈው አውጥተዋል፤ ኢንጂነሩንም ለጅብ አልጣሉትም።

ስለዚህ “የሰው እጅ ይሻላል፣ ማሽን አይታመንም” የሚሉ የድሮ ሰዎች ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል። የዳታቤዝ ሰርቨሮቹ ስናፕሾት ይብራላቸው የሚል አንድ መስመር ፋይል ውስጥ ቢሆን ኖሮ መርሳት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ያጠፋው ሰው ነው፤ የረሳውም ሰው ነው።

ታዲያ ለማሽን እንስጠውና እንገላገል? ቆይ፣ ወደ አትላንታ እንሂድ። ሜይ 14 ቀን 2014፣ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ። የዩኒቨርሲቲው አይቲ ክፍል ኮምፒውተሮችን በአንድ ቦታ ሆኖ ለማስተዳደር የማይክሮሶፍትን ኤስሲሲኤም ይጠቀማል። ከዚያ ማእከል አንድ ትእዛዝ ወጣ፤ ዊንዶውስ 7 ይጫን የሚል። ትእዛዙ መሄድ ወዳለበት ብቻ ሳይሆን በስህተት ዊንዶውስ ወዳለው ማሽን ሁሉ ሄደ፤ ላፕቶፕ፣ ዴስክቶፕ፣ ሰርቨርም ሳይቀር። የትእዛዙ የመጀመሪያ እርምጃ ደግሞ ዲስኩን እንደ አዲስ መከፋፈልና ፎርማት ማድረግ ነበር። ሰዎቹ ነቅተው ማእከሉን ሰርቨር አጠፉት። ግን ረፍዶ ነበር፤ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ሰርቨር ራሱ ትእዛዙ ደርሶት የራሱን ዲስክ ፎርማት አድርጎ ጨርሷል።

እዚህ ላይ መሳቅ ይፈቀዳል። ከሳቅን በኋላ ግን ልዩነቱን እንይ። የጊትላቡ ሰው የሳተው አንድ ሰርቨር ነው፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥም ዓይኑ አይቶ እጁ አቁሟል። የኤሞሪው መሣሪያ አልሳተም። የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ በታዘዘበት ፍጥነት፣ በታዘዘበት ቦታ ሁሉ። በእጅ ሁለት መቶ ዲስክ ለማጥፋት ሁለት መቶ ጊዜ መሳሳት ያስፈልጋል፤ በመሣሪያ አንድ ጊዜ ይበቃል።

አሁን ወደዚያች 120 እንመለስ። ፋይሉ ውስጥ “ዲስኩ 100 ይሁን” ተብሏል፤ ዲስኩ ግን 120 ነው። መሣሪያው መድረሻውን እንጂ መንገዱን አልተነገረውም። ዲስክን ማሳነስ ደግሞ ከማስፋት ጋር የመስታወት ምስል አይደለም። ቤቱን ገፍቶ ማስፋት አንድ ነገር ነው፤ እቃው ሞልቶበት ሳለ ግድግዳውን ወደ ውስጥ መግፋት ሌላ። ኤክስኤፍኤስ የሚባለው በሊኑክስ ላይ በሰፊው የሚሠራበት ፋይል ሲስተም ያድጋል እንጂ ሥራ ላይ እንዳለ ዕቃውን ይዞ ልሸምቅቅ አይልም። እና መሣሪያው ምን ያደርጋል? እንደ ዓይነቱ ነው። አንዳንዱ “አልችልም” ብሎ ይቆማል፤ ይህ ጨዋው ነው። ቴራፎርም ግን ለጉግል ክላውድ ዲስክ ባለው ሰነድ ላይ በግልጽ አስፍሮታል፤ መጠኑ ሲጨመር ዲስኩ እንዳለ ያድጋል፣ ሲቀነስ ግን ዲስኩ እንደ አዲስ መፈጠር አለበት። “እንደ አዲስ መፈጠር” የምትለዋን ሐረግ ረጋ ብላችሁ አንብቧት። አሮጌው ይጠፋል፣ ባዶ አዲስ ይመጣል፣ ፋይሉም እውነት ይሆናል። መሣሪያው ሥራውን ፈጽሟል።

100 ሊጻፍ ሲል 10 ቢጻፍስ? አንዲት ዜሮ ናት። ጋዜጣ ላይ አንዲት ዜሮ ብትወድቅ በሚቀጥለው እትም ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል “እርማት” ይወጣል። ባዶ ለሆነ ዲስክ እርማት አይወጣለትም።

ችግሩ መሣሪያዎቹ የተወለዱበት ዓለም አስተሳሰብ ይመስለናል። በዚያ ዓለም ውስጥ የታወቀች አንዲት ምሳሌ አለች። ድሮ ሰርቨር እንደ ቤት ድመት ነበር ይላሉ፤ ስም ይወጣለታል፣ ሲታመም ይታከማል። አሁን ግን እንደ ከብት መንጋ ይሁን፤ ቁጥር ይበቃዋል፣ ሲታመም ይወገድና ሌላ ይተካል። ምሳሌዋን ያመጣት ሰው የእኛን አገር ገበሬ አያውቅም። እኛ አገር በሬ ስም አለው። ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳልቻ እየተባለ ነው የሚታረሰው። ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ይለውጣል፤ በሬው ግን ሌላ ነገር ነው።

ምሳሌዋን እንዲህ ብናርማት ደስ ይለናል። ቨርቹዋል ማሽኑ ቀንበር ነው፤ ቢሰበር ከዚያው እንጨት ሌላ ይጠረባል። ፋይሉ ካለ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ዓይነት ማሽን ይቆማል፤ “አጥፍተህ ሥራው” የሚለው አስተሳሰብ ለማሽን ትክክል ነው። ዲስኩ ግን በሬው ነው። ፋይሉ ስለ ዲስኩ የሚያውቀው ስፋቱን፣ ስሙንና የሚታሰርበትን ቦታ ነው። ውስጡ ያለውን አያውቅም። የአንዲት ተማሪ የአራት ዓመት ውጤት ይኑርበት፣ ባዶ ይሁን፣ ለፋይሉ ሁለቱም “100 ጊጋባይት” ናቸው። በዚህ ሒሳብ ለሚያስብ መሣሪያ ማጥፊያውን ቁልፍ ብቻውን መስጠት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

የመሣሪያዎቹን ጸሐፊዎች ግን አንማ። አውቀውበታል፤ ልጓም አበጅተዋል። አንሲብል ዲስክ ፎርማት አድርግ ሲባል በላዩ ላይ ፋይል ሲስተም ካገኘ ዝም ብሎ አይደመስስም፤ “ፎርስ” የምትባል ቃል ካልተጻፈችለት አሻፈረኝ ይላል። የኤልቪኤም ቮልዩም ለማሳነስ ወይም ለማጥፋትም ያችኑ ቃል ይጠይቃል። ቴራፎርም ከመፈጸሙ በፊት ዕቅዱን ዘርዝሮ ያሳያል፤ ይህን ያህል ይፈጠራል፣ ይህን ያህል ይለወጣል፣ ይህን ያህል ይደመሰሳል ብሎ፤ ከዚያ “የስ” ተብሎ እንዲጻፍለት ይጠብቃል። “ይህ ነገር በጭራሽ እንዳይደመሰስ” የሚል መከላከያ መጻፍም ይቻላል። ከዚህ በላይ ምን ያድርጉ?

ሰው ግን ልጓም ያስቸግረዋል። “የስ” መጻፍ ሲሰለች ጥያቄውን ራሱን የሚያስቀር ትእዛዝ አለ፤ ሥራው በሙሉ ያለ ሰው እንዲያልፍ ተብሎ ይጨመራል። አንድ ቀን መሣሪያው አሻፈረኝ ሲል “ፎርስ” ተጽፋ ያልፋል፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ማንም አያወጣትም፣ ፋይሉ ውስጥ እንደተቀመጠች ትኖራለች። ሌላ ጊዜ ሌላ ልጅ ያንን ፋይል ይገለብጥና ለሌላ ሰርቨር ይጠቀምበታል። ቃሏም አብራ ትሄዳለች። ከዚህ ላይ የሊኑክስን አንድ ጠባይ ጨምሩበት። ሊኑክስ ዲስኮቹን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ እያለ እንዳገኛቸው በተራ ይሰይማቸዋል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ተራው ያው እንደሚሆን ግን ማስተማመኛ የለም። ትናንት “ሁለተኛው” የነበረው ዛሬ “ሦስተኛው” ሊሆን ይችላል። “ሁለተኛውን ፎርማት አድርግ፤ ፎርስ” የሚል ፋይልና ቦታ የተለዋወጡ ሁለት ዲስኮች አንድ ማታ ቢገናኙ የሚሆነውን መገመት አያቅትም። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ዲስኩን በተራው ሳይሆን በማይለወጥ መለያ ቁጥሩ መጥራት። ቁጥሩ ረጅምና አስቀያሚ ስለሆነ ግን ለመጻፍ ይሰለቻል። ስንፍና እንጂ ድንቁርና አይደለም ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋን።

ይህን ሁሉ ብለን “ትልልቆቹ ጋ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም” የሚል አንባቢ ይኖራል። ለእሱ የሚሆን ታሪክ አለን። ዩኒሱፐር የሚባል የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ አለ፤ በ2024 ከ600 ሺህ በላይ አባላትና 125 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ይዞ የነበረ። ሥራውን ከሚያስኬድባቸው ነገሮች አንዱ ጉግል ክላውድ ላይ ያሉ የቪኤምዌር ቨርቹዋል ማሽኖች ናቸው። በ2023 መጀመሪያ ላይ የጉግል ሠራተኞች ለዚህ ደንበኛ ቦታ ሲያዘጋጁ በአንድ የውስጥ መሣሪያ ተጠቀሙ። መሣሪያው ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዷ ባዶ ታለፈች። ባዶ ስትሆን መሣሪያው የራሱን ግምት ሞላ፤ “ለአንድ ዓመት” የሚል። ማንም አላየም። ዓመቱ በሜይ 2024 ሞላ፤ እናም ያ ቨርቹዋል ማሽኖቹ ያሉበት ሙሉ ግቢ በራሱ ጊዜ ተሰረዘ። ደንበኛው የጠየቀው ስረዛ ስላልነበረ ማስጠንቀቂያ እንኳ አልተላከም። አባላቱ ለአንድ ሳምንት ያህል አካውንታቸው ውስጥ መግባት አልቻሉም።

ይህ ጉዳይ የሚያስደነግጠን ያጠፋ ሰው ስለሌለው ነው። የጊትላቡ ሰው ትእዛዝ ተይቧል። ኤሞሪ ውስጥም የሆነ ትእዛዝ የሆነ ቦታ ሄዷል። እዚህ ግን በዚያች ዕለት ማንም ምንም አልነካም። ከዓመት በፊት ባዶ የቀረች ቦታ ቀኗ ሲደርስ የወለደችው ነው። የተጻፈ ስህተት አርታኢ ያየዋል፤ ያልተጻፈን ነገር ማን ያያል? ዩኒሱፐሮች ዳታቸው የተመለሰው በሌላ አቅራቢ ዘንድም ባክአፕ ስለነበራቸውና ጉግል ላይ ለብቻው የተቀመጠው ባክአፕም ስላልተነካ ነው። ማለትም ሰራዡ እጅ ያልደረሰበት ቦታ ስላስቀመጡት።

ከእነዚህ ሦስት ታሪኮች ተነሥተን ለሥራው ባለቤቶች የምንጠይቀው ነገር ብዙ አይደለም። ዲስክ የሚፈጥረውና የሚያሰፋው ፋይል እንደልቡ ይሂድ፤ ሌሊት ይሂድ፣ ሰው ሳይጠይቅ ይሂድ። የሚያሳንሰውና የሚሰርዘው ግን ሌላ በር ይኑረው፤ በበሩ ላይም ሁለት ሰው ይቁም። የሚሰረዘው ዲስክ መጀመሪያ ተነቅሎ፣ ስሙ ተለውጦ፣ ሠላሳ ቀን ጥግ ላይ ይቀመጥ፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ የሚጮህ ሰው ከሌለ ያኔ ይሂድ። ባክአፑ ደግሞ ያው መሣሪያ ሊሰርዘው በማይችል ቦታ ይሁን። “ወጪ ነው” ይባላል። አዎ፣ ነው። የሠላሳ ቀን የዲስክ ኪራይ ነው።

“ባክአፕ አለን” ለሚለው መልስ ግን አንድ ጥያቄ መጨመር ለምዶብናል፤ መጨረሻ የመለሳችሁት መቼ ነው? የጊትላብ አምስቱም ባክአፖች ወረቀት ላይ ነበሩ። መሣሪያዎቹ ይህንንም መሥራት ይችላሉ፤ በየሳምንቱ አንድ ባዶ ቨርቹዋል ማሽን አቁሞ፣ ባክአፑን አፍስሶበት፣ ዳታቤዙ ሲነሳ አይቶ፣ ማሽኑን መልሶ ማፍረስ በአንሲብል የሚጻፍ ነገር ነው። ማሽኖቹ ያለ ሰው ሊያፈርሱ የሚገባቸው ዲስክ ቢኖር ይህ ነው፤ ራሳቸው ለፈተና ያቆሙት።

ጉግል ከ2024ቱ ነገር በኋላ ስላደረገው እርማት ጽፏል። ያን የውስጥ መሣሪያ ከሥራ አስወጥቶታል፤ ሥራው አሁን ሙሉ በሙሉ ያለ ሰው እጅ የሚሄድ ሆኖ፣ መቆጣጠሪያው ደንበኛው ራሱ በሚያየው ገጽ ላይ መጥቷል ይላል። ያለ ሰው ለተፈጠረ ችግር መልሱ ሰውን ይበልጥ ማስወጣት መሆኑ መጀመሪያ ስናነበው አስገርሞን ነበር። ደግመን ስናነበው ግን ግማሹን ተስማማንበት፤ ባዶ ቦታ የሚተው በሠራተኛ እጅ የሚሞላ ቅጽ ቀርቷል፣ የስረዛው ቀንም ከደንበኛው የተደበቀ አይደለም። ያልተስማማንበት ግማሽ ስለዚያ ገጽ ነው። ገጹን ከፍቶ “ለአንድ ዓመት” የምትለዋን መስመር የሚያነባት ሰው በደንበኛው መሥሪያ ቤት ውስጥ ማን እንደሆነ የጉግል ጽሑፍ ሊነግረን አይችልም፤ እሱን ዩኒሱፐርም፣ ሰልፍ የምንይዝበት መሥሪያ ቤትም በየራሳቸው ሰው መመደብ አለባቸው።